ጀርባው ያልተነበበ ደብዳቤ

ወገኖቼ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤ ይዞ ሲመጣላችሁ አትቸኩሉ። ይህን የምላችሁ በችኮላዬ የሰው ቤት ያጨለምሁ ሰው ስለሆንሁ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር እኖር ነበር። በሥራ ቀን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን ልጁ የዘመተበት ሁሉ «አስናቀ፣ እስኪ አንብብልኝ» እያለ ደጄን ይሞላዋል። ገንዘብ አልቀበልም፤ ምርቃቱና ምስጋናው ግን ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

የአገራችንን ደብዳቤ ታውቁታላችሁ፤ ሰላምታው ማለቂያ የለውም። እኔም ዘዴ አበጀሁ። «ለጤናዎ እንደምን አሉ» የሚለው ላይ አንድ ጣቴን አሳርፋለሁ፤ «ደኅና ይሁኑ» የሚለው ላይ ሌላውን። በሁለቱ መካከል ያለውን ብቻ አንብቤ፣ አጥፌ እመልሳለሁ። በአንድ ሰዓት ሃያ ደብዳቤ እጨርስ ነበርና ሰው ሲያደንቀኝ ልቤ ያብጥ ነበር።

ወይዘሮ የብርጓል ከሐይቁ ዳር የሚኖሩ፣ የደንገል ምንጣፍ እየሠሩ የሚተዳደሩ ባልቴት ናቸው። ያላቸው ልጅ አንድ ሣህሉ ነው፤ እሱም ሰሜን ዘምቷል። በኅዳር መጨረሻ አንድ እሑድ ደብዳቤውን አቀበሉኝ። እንደ ልማዴ አነበብሁላቸው፤ ደኅና ነው፣ ብርዱ ከብዶታል፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሳሙልኝ ብሏል። ይኸው ነው።

«ጀርባው ላይም ጽሑፍ አለ፣ ልጄ» አሉኝ።

ገልበጥ አድርጌ አየሁት። «እናቴ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ» ብሎ እንደገና ይጀምራል።

«ያው ሰላምታ ነው፣ እማማ። ደጋግሞ ጤናዎን ይጠይቃል።»

«ሰላምታም ቢሆን አንብብልኝ። የልጄ ቃል አይደለም?»

«ሰው ተሰልፏልኮ። ልጅዎ ደኅና ነው፤ ይደሰቱ።»

«ዕድሜ ይስጥህ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ወር ሳይሞላ መርዶው መጣ። ድንኳን ተከልሁ፣ ከሰው እኩል አለቀስሁ። ምንም አልጠረጠርሁም።

በማግሥቱ ዓመት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀበሌያችን ገባ። ወይዘሮ የብርጓል በስተርጅና ተመዘገቡ። «አሁን ምን ያደርግልዎታል?» ሲሏቸው «የልጄን ጽሑፍ በዓይኔ ላየው» ይሉ ነበር። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ቤቴ መጡ። ቁጭ በል አሉኝና፣ ያንኑ ደብዳቤ ገልብጠው ፊደል በፊደል እየለቀሙ ያነቡልኝ ጀመር።

«እናቴ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ። የፊተኛውን የጻፍሁት ሳልቆስል ነው። አሁን ጎንደር ሆስፒታል ተኝቻለሁ። የተመታሁት ሆዴን ነው። ሐኪሙ ባይነግረኝም አውቀዋለሁ። ከቻሉ ይምጡልኝ፣ ዓይንዎን ልየው። ባይመጡም መንገዱ ከብዶዎት ነው እላለሁ እንጂ አልቀየምም። ደኅና ይሁኑ።»

ጎንደር በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሣህሉ ያረፈው ደብዳቤውን ካነበብሁላቸው በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተነሥ» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «የገደለው ጥይት ነው፤ አንተ አይደለህም። ነገር ግን አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ በር በሩን ሲያይ፣ እኔ ልጄ ደኅና ነው ብዬ እዚህ ምንጣፍ እሠራ ነበር። ብሄድ አላድነውም፤ ውኃ አጠጣው ነበር፣ እጁን እይዝ ነበር። ምነው አስናቀ፣ ያን ዕለት ጥቂት ብትታገሠኝ?»

 

ወገኖቼ፣ የሰው ደብዳቤ አደራ ነው። የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን የሚለየው የተጻፈለት ሰው እንጂ አንባቢው አይደለም። ሰላምታ መስሎ የሚደጋገመውንም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብቡለት። ጊዜ ካጣችሁ «ነገ ተመለስ» በሉት፤ ነገ መመለስ ይሻለዋል። እኔ ዛሬ ከቀኑ እስከ ፊርማው ሳላነብ ደብዳቤ አልመልስም፤ እሑድ የምጨርሰው አምስት ቢሆን ነው።

ወይዘሮ የብርጓል ይቅር ብለውኛል። በየዓመቱ የሣህሉን ተዝካር ሲያወጡ ሰው ልከው ያስጠሩኛል። እሄዳለሁ፣ እንጀራቸውን እበላለሁ፤ ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት ግን እስከ ዛሬ አልቻልሁም።