ቢራራ የሰቀለው ድንጋይ

መምህር ፀጋው በጀርባቸው ተንጋለው ወድቀዋል። ፊታቸው ላይ ጋቢ ተደርቦባቸዋል፤ ቀኝ እጃቸው ግን ሊስሉት የነበረውን ብረት አሁንም እንደጨበጠ ነው። ከራስጌያቸው የቆመው የብረት መሳያ ማሽን፣ ግራይንደሩ፣ ድንጋይ የለውም። ድንጋዩ ለሦስት ተሰብሮ አንዱ ስባሪ የቆርቆሮውን ግድግዳ በስቶ ወጥቷል፣ ሌላው መደርደሪያ ሥር ወድቋል፣ ሦስተኛው የመምህሩን ደረት መትቷል። በዙሪያው ያለው ዕቃ ሁሉ ግራጫ ዱቄት ለብሷል።

ጊዜው መጋቢት 1995 ዓ.ም.፣ የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ነበር። ወርክሾፑ ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ሲሆን፣ በድንበሩ ጦርነት ቆስለው የተሰናበቱ ወታደሮች ብየዳና የማሽን ሥራ ይማሩበታል። አብዛኞቹ ሠልጣኞች የሠሯቸውን የብረት አልጋዎች ይዘው ከአንድ ቀን በፊት ተራራው ላይ ወዳለው የጨነቅ ካምፕ ሄደዋል። በዚያ ጠዋት በግቢው የነበሩት ከሟቹ ሌላ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ምክትል ኢንስፔክተር ካሳነሽ ከሳጅን ታደለ ጋር ስትደርስ ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር። አስከሬኑን አየች፣ ማሽኑን ዞረችው፣ ማንም ምንም እንዳይነካ አዘዘችና የማሠልጠኛውን ኃላፊ ሻምበል ማንያዘዋልን ወደ ቢሮ ይዛ ገባች። ሻምበሉ ግራ እጃቸውን በጦርነቱ ያጡ ሰው ናቸው፤ ባዶው የኮት እጅጌ ኪሳቸው ውስጥ ተወሽቋል።

«ድንጋዩን ማን ሰቀለው?»

«ሠልጣኙ ቢራራ። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ ድንጋይ ነው።»

«መምህሩ ለምን ብቻቸውን ነበሩ?»

«አዲስ ድንጋይ ሲሰቀል መጀመሪያ የሚያስነሡት እሳቸው ናቸው። ሠልጣኝ በሙሉ ከወርክሾፑ ይወጣል። ሕጋቸው ነበር።»

«ይህን ሕግ ማን ማን ያውቃል?»

«የማያውቀው የለም።» ሻምበሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጥሩ ድንጋይ ሲያንኳኩት ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ አይጮኽም። ቢራራ ደግሞ አይሰማም። ይህን ሥራ አይስጡት ብዬ ከመምህሩ ጋር ተጋጭቼ ነበር። ያልሁት ደረሰ።»

የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ የሺወርቅ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። የሆነውን ግን ሳታምታታ ተናገረች።

«ፍንዳታውን ስንሰማ እኔ ከግምጃ ቤት፣ ሻምበል ከቢሮ፣ ሠልጣኙ ያርጋል ከግቢ ሮጠን ገባን። መብራቱን ያጠፋው ያርጋል ነው። ሻምበል ስልክ ሊደውሉ ተመለሱ፤ እኔ መኪና ላስቆም ወደ መንገድ ሮጥሁ።»

«ቢራራስ?»

«ከኋላ ግቢ ጀርባውን ሰጥቶ በር ይሞርዳል። ምኑን ሰምቶ። ከመኪናው ሰዎች ጋር ስመለስ እጅጌውን ይዤ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«ከማን ጋር ነው ታዲያ ያርጋል የቀረው?»

«ከመምህሩ ጋር። ከሬሳው ጋር ማለቴ ነው።»

«መምህሩ ከሻምበሉ ሌላ ከማን ተቀያይመው ነበር?»

የሺወርቅ ጥቂት አሰበች። «መቀየም እንኳ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ያርጋልን ‹እስከ ትንሣኤ ንገረው፤ አለዚያ እኔው እነግረዋለሁ› ሲሉት ሰምቻለሁ። ማንን እንደሆነ አላወቅሁም።»

ያርጋልና ቢራራን ደባርቅ «መንታዎቹ» ይላቸዋል። ቢራራን ጆሮውን የነሳውና መንጋጋውን የሰበረው አንድ ጥይት ነው፤ የሞርታር። ሲናገር ቃሉ ተሰባብሮ ይወጣል፣ ከያርጋል በቀር የሚረዳው የለም። ከወደቀበት በጀርባው ተሸክሞ ያወጣውም ያርጋል ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖራሉ፣ ከአንድ መሶብ ይበላሉ፣ ሁለቱ ብቻ በሚያውቁት የእጅ ምልክት ያወራሉ።

ካሳነሽ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«ድንጋዩን ሲሰቅል ምን ምን እንዳደረገ ጠይቀው» አለችው ያርጋልን።

ያርጋል በእጁ ጠየቀ። ቢራራ ረጅም መልስ ሰጠ። የተሰባበረ ድምፅ እያወጣ የጣቱን አንጓ ጥርሱ ላይ አሳረፈ፣ አየሩን አንኳኳ፣ ቀጥሎ አንዱን መዳፍ ከሌላው በላይ ይዞ ወደ ታች አንሸራተተ። ይህን ሁለት ጊዜ ደገመው። ሲጨርስ ላብ አጥምቆት ነበር።

ያርጋል አንገቱን ደፋ። «‹ስንጥቁን አላየሁም፤ ይቅር በሉኝ› ይላል።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ካሳነሽ አላመነችም። የተናገረው ብዙ፣ የተተረጎመላት ጥቂት ነው። ቃል ቢጠፋባት እንኳ ጥርሱን የነካበትን ምክንያት ማወቅ ፈለገች። ያርጋልን ከሳጅን ታደለ ጋር ትታ ቢራራን ብቻውን ወደ ግምጃ ቤት ወሰደችው። የሺወርቅን ሁለት ድንጋይ እንድታወጣ ጠየቀቻት፤ አንድ አዲስ፣ አንድ ደግሞ ተሰንጥቆ ሊጣል የተቀመጠ። ስንጥቁ በዓይን አይታይም።

ካሳነሽ የዳባት ቄስ ልጅ ናት። ያደገችበት ደብር ምእመኑን የሚጠራው በድንጋይ ደወል ነበርና የጤነኛ ድንጋይ ድምፅ አይጠፋትም። ሁለቱንም አንኳኳቻቸው። አዲሱ ጮኸ፤ ሌላው ደረቅ እንጨት የመቱ ያህል «ቷ» ብሎ ቀረ። ከዚያ ሁለቱንም ለቢራራ ሰጠችው።

ቢራራ አዲሱን ድንጋይ በጣቱ አንጠልጥሎ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገና ጠርዙን ጥርሱ ላይ አሳረፈው። ደኅና ነው በሚል ራሱን ነቀነቀ። የተሰነጠቀውን እንዲሁ ጥርሱ ላይ አሳረፈ፤ ወዲያው ፊቱን አጨማዶ አሽቀንጥሮ ጣለው።

«መምህሩ ናቸው ያስተማሩት» አለች የሺወርቅ። «ድምፁ በአጥንት ይገባል ይሉ ነበር። ፊደልም ያስቆጥሩት ነበር፤ ደብተሩ መሳቢያቸው ውስጥ አለ።»

ካሳነሽ ጠመኔ አንሥታ ለቢራራ ሰጠችውና አንድ ላሜራ አስጠጋችለት። ቢራራ ጎንበስ ብሎ የማሽኑን ሞተር ሣለ። ሞተሩ ላይ ድንጋዩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ የሚጠመጠምባቸው ሁለት ክብ ፑሌጃዎች አሉ፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። ቺንጊያውን ትንሹ ላይ አጠለቀው፣ ከጎኑም ትልቅ ድንጋይ ሣለ። ደጋግሞ ጠመኔውን ትንሹ ላይ አሳረፈ።

ካሳነሽ ወደ ማሽኑ ተመለሰች። ቺንጊያው ቢራራ እንደሣለው ትንሹ ፑሌጃ ላይ ነው። ቀስ ብላ በጣቷ ከፍ አድርጋ ሥሩን ተመለከተችና እዚያው ብዙ ቆየች። ከዚያ የመምህሩን መሳቢያ አስከፈተች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በማሽኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል። ቢራራ ከያርጋል አጠገብ ቆሞ የሰዎቹን ፊት በየተራ ይመለከታል።

«ድንጋዩ ተሰንጥቆ ነበር ብላችሁኛል» ብላ ጀመረች። «አልነበረም። ቢራራ በጥርሱ ይፈትናል፤ ዛሬ ፊት ለፊቴ ደኅናውን ከተሰነጠቀው ለይቷል። ጤነኛ ድንጋይ ከሰቀለ፣ ድንጋዩን የሰበረው ሌላ ነገር ነው። ሻምበል፣ ቺንጊያው ትልቁ ፑሌጃ ላይ ቢሆን ምን ይፈጠራል?»

«ድንጋዩ ከመጠን በላይ ይፈጥናል። ያ ለትንሽ ድንጋይ ነው። ትልቁን...» ሻምበሉ አልጨረሱትም። «አሁን ግን ትንሹ ላይ ነው።»

«አሁን አዎ። ሥሩን ይዩት።»

ቺንጊያውን ከፍ አደረገችላቸው። ከሥሩ፣ በትንሹ ፑሌጃ ላይ፣ ግራጫው ዱቄት ተነጥፏል። ባዶው ትልቁ ፑሌጃ ግን ንጹሕ ነው።

«ዱቄቱ የተበተነው ድንጋዩ ሲፈነዳ ነው። ቺንጊያው ያኔ ትንሹ ላይ ቢሆን ዱቄቱ ሥሩ አይገባም ነበር። ትልቁ ላይ ነበር፤ ለዚህ ነው ትልቁ ንጹሕ የሆነው። ከፍንዳታው በኋላ አንድ ሰው ወደ ቦታው መልሶታል። መመለሱ ያስፈለገው ደግሞ ቀድሞ ያዛወረው ሰው ነው።»

ቺንጊያውን ለቅቃ ጣቷን ጠረገች።

«ቺንጊያውን ለማዛወር ሞተሩን በአንድ እጅ አንሥቶ በሌላው ማጥለቅ ግድ ይላል፤ ሻምበል አይችሉም። የሺወርቅ መንገድ ላይ ነበረች። ቢራራን እሷ ራሷ አስገባችው። ከአስከሬኑ ጋር ብቻውን የቀረው አንድ ሰው ነው።» ወደ ያርጋል ዞረች። «ቢራራ ስለ ጥርሱም ስለ ቺንጊያውም ነግሮሃል። አንተ ሁለቱንም አስቀረህብኝ።»

ያርጋል ወደ ቢራራ ተመለከተ።

«መምህሩ ‹እስከ ትንሣኤ ንገረው› ያሉህ ስለ ቢራራ ነው። ደብተሩን አይቻለሁ፤ ቃላት መጻፍ ጀምሯል። በትንሣኤ ማንበብ ይችላል፤ መምህሩም ጽፈው ይነግሩት ነበር። እስከ ዛሬ ለቢራራ በአንተ በኩል ካልሆነ ምንም መንገር የሚችል አልነበረም። ምን እንዳያውቅ እንደፈለግህ ግን አላውቅም።»

ያርጋል ሲናገር ድምፁ ዝቅተኛ ነበር። «ሞርታሩን ያነጣጠርሁት እኔ ነኝ። ልኬቱን ተሳሳትሁና የራሳችን ሰዎች መካከል ወደቀ። መምህሩ የክፍላችን መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ፤ ያውቁ ነበር። አራት ዓመት አብሬው በላሁ። ካወቀ ዓይኔን አያይም ብዬ ነው።»

«ጥፋቱንስ ለምን እሱ ላይ ጣልኸው?»

«እሱ ላይ ልጥል አስቤ አልነበረም። ድንጋዩ ክፉ ነበር ተብሎ የሚቀር መስሎኝ። ስትጠይቂኝ ሌላ ቃል አጣሁ። በስህተት ነው ብል ይምሩታል ብዬ...»

ቢራራ እጅጌውን ጎተተው። ምን እየተባለ እንደሆነ መጠየቁ ነበር። ያርጋል ወደ ካሳነሽ ተመለከተ፤ እሷም ንገረው በሚል ራሷን ነቀነቀች። ያርጋል እጆቹን አነሣ። ብዙ ነገረው።

ቢራራ ቃሉ እየተሰባበረ ተናገረ፣ ከትከሻው በስተኋላም በእጁ አመለከተ። ሁሉም ያርጋልን ጠበቁ።

«ምን አለ?» አለች ካሳነሽ።

«‹ጥይቱ ከኋላችን እንደመጣ ያኔውኑ አይቻለሁ› ይላል። ‹ከኋላ የነበርኸው አንተ ነህ። አውቅ ነበር› ይላል።»

ቢራራ ሌላም ጨመረ፤ አጭር ነበር።

«አሁንስ?»

«‹መምህሩን ለምን?› ይላል።»

ሳጅን ታደለ ካቴናውን ይዞ ቀረበ። ካሳነሽ ክንዱን ያዝ አደረገችው። «ቆይ። ይመልስለት።»

ጠበቁ። ቢራራ የያርጋልን እጆች ትኩር ብሎ እያየ ነበር። ያርጋል ግን አልመለሰም፤ እጆቹን አጋጥሞ ለሳጅኑ ዘረጋ።