የተለቀሰበት ግራጫ ኮት

አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ በሕልም፣ በሟርትና በኮከብ ቆጣሪ የማላምን ሰው ነኝ፤ አገሬ ደባት ሳለሁ ሰው ሁሉ ቡዳ ናቸው እያለ የሚሸሻቸው ሽማግሌ ቤት ገብቼ ምሳ በልቼ፣ ድገሙኝ ብዬ የወጣሁ ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ወጣቸው ጨው ከመብዛቱ በቀር። ስለዚህ አሁን የማወራህን አምነህ ባትቀበለው አልቀየምህም፣ እኔም ባልሰማሁት ደስ ባለኝ።

የምኖረው ሰሜን ጀርመን ባለች አንዲት የወደብ ከተማ ነው፣ ብቻዬን፣ እሑድ እሑድ ከቴሌቪዥኑ በቀር የሚያናግረኝ የለም። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ስለ ስሜን ተራሮች ዘጋቢ ፊልም መጣ፣ እኔም ልስቅበት ብዬ ተቀመጥኩ፣ ፈረንጅ አገራችንን ሲቀርጽ ታውቀው የለ፣ ጭጋግ፣ ገደል፣ ዋሽንት፣ ከዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ፤ እመነኝ፣ ለጭላዳው ስም አውጥተውለታል፣ አጠገቡ የሚያርሰው የአምባራስ መንደር ሰው ግን «አንድ ገበሬ» ነው።

ወደ መጨረሻው ላይ መኪናቸው ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣ ደባትን አለፈ፣ እዚያ ላይ ሙዚቃው ቆመ፣ የተራኪው ድምፅም ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብዬ ልነሳ ስል ነፋስ ሰማሁ፣ ከነፋሱ ሥር ደግሞ ዝግ ያለ፣ ከበሮ የሚመስል ነገር፣ ቆይቼ ነው ደረት ሲመታ መሆኑን የለየሁት። ከቤታችን በታች ያለው ሜዳ ታየኝ፣ ሰው ተሰብስቧል፣ መሐል ላይ ታላቅ እህቴ የሺ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች። እኔ ዓይኔ እናቴን ፈለገ፣ አጣኋት፣ ሞታ ደብቀውኛል አልኩ። ግን እኛ ዘንድ ሬሳው ከሌለ በልብሱ ነው የሚለቀሰው፣ የሺ ከፍ አድርጋ የያዘችው ልብስ ደግሞ የወንድ ኮት ነበር፣ ግራጫ፣ የላይኛው ቁልፉ በቀይ ክር የተሰፋ። እናቴ ናት የሰፋችው። ኮቱ የኔ ነው።

ሌላም ነገር ነበር፣ ምስሉ ካሜራ የያዘው አይመስልም፣ ከሕዝቡ ኋላ የቆመ ሰው አንገቱን አስግጎ እንደሚያይ ነበር የሚታየው፣ በግራ በኩል፣ በጣም ቅርብ፣ የአንዲት ሴት ትንፋሽ ይሰማኛል። ከዚያ ጭላዳው ተመለሰ፣ ዋሽንቱም።

ወዲያው ደወልኩ።

«እትዬ የሺ፣ እማዬን አቅርቢልኝ።»

«ማኅበር ሄዳለች።»

የእኛ አገር ሟች፣ ዘመዱ ስደት ላይ ከሆነ፣ ዓመት ሙሉ ከማኅበርና ከጠበል አይመለስም።

«አትዋሺኝ፣ ሞታለች?»

«አፍህን ቁረጥ! በሰንበት ምን ያናግርሃል?»

«ታዲያ በኔ ኮት የተለቀሰው ለማን ነው?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማን ነገረህ?»

«ቴሌቪዥን ላይ አየሁት።»

«የምን ቴሌቪዥን? ያኔ እንኳን ካሜራ፣ ስልክ የሚሠራ መቼ ነበረ!»

ከዚያ አወጣችው። ኔትወርክ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ አንድ ሰው እኔ ሞቻለሁ የሚል ወሬ ይዞ መጣ፣ መርዶ ተነገረ፣ ኮቴን አውጥተው አለቀሱ። ኔትወርክ ሲመለስ እኔው ደወልኩ። «ምን እንበልህ ታዲያ? አልቅሰንልህ ነበር እንበልህ? በሕይወት ላለ ሰው ይህ ይነገራል?» አለች። «እማዬ ግን አላለቀሰችም። ከኋላ አንድ እንግዳ ቆሞ ነበር፣ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ንፍሮ ቅመስ ቢሉት ሳይቀምስ ሄደ።»

ፊልሙን በማግስቱ ከኢንተርኔት ፈልጌ ደጋግሜ አየሁት፣ ደባት በመኪና መስኮት ታልፋለች፣ ነዳጅ ማደያው፣ ባጃጆቹ፣ አለቀ። ልቅሶ የሚባል የለም።

እናቴ በእርግጥም ማኅበር ነበረች፣ በሚቀጥለው እሑድ አገኘኋት። ኔትወርክ ከተመለሰ ጀምሮ አንድ አመል አምጥታለች፣ በደወልኩ ቁጥር ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት የክርስትና ስሜን ትጠይቀኛለች፣ እኔም እርጅና ነው ብዬ፣ «ባንክ ሆንሽ እንዴ እማዬ?» እያልኩ እቀልድባት ነበር። ያን ቀን አልቀለድኩም።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፣ ሰጠኝ።»

«የክርስትና ስምህን ጥራ።»

«ወልደ ማርያም።»

ትንፋሿ ተሰማኝ፣ በግራ ጆሮዬ በኩል፣ በጣም ቅርብ።

«የልቅሶው እንግዳም እንዲሁ ነው ያለኝ» አለች።

«ማን ነበር፣ እማዬ?»

«እንጃ ልጄ። መጥተህ ከእጄ እህል እስክትቀምስልኝ ድረስ የትኛችሁ እንደሆንህ በምን አውቃለሁ?»

እመጣለሁ አልኳት፣ መንገዱ ሲከፈት፣ ፈቃድ ሳገኝ፣ ሁልጊዜ የምለውን ሁሉ። ስልኩን ዘግቼ ምሳዬን አቀረብኩ፣ እመነኝ፣ ርቦኝ ነበር፣ ሳህኑ ፊት ቁጭ ብዬ ግን እስኪቀዘቅዝ ድረስ መቅመስ ፈራሁ።