ቃጫ መስሎኝ ነበር

ይሄ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ላይ የደረሰ ነው። ማመን የከበደው ይለፈው፤ አልቀየምም።

ደግሞ ጨለማ፣ ዶፍ ዝናብ፣ የጅብ ድምፅ ምናምን እንዳትጠብቁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። የቡታጅራ ፀሐይ አናት ትበሳለች፣ ባጃጆች በራችን ላይ ይንጫጫሉ... እኔ እርጥብ ጓንት አጥልቄ ሶፋ እየፈተግኩ ነው።

ስሜ ሰልሚያ ይባላል። ፀጉር ከበቀለበት ቦታ ከወረደ በኋላ ያንገሸግሸኛል። ወጥ ውስጥ አንዲት ፀጉር ካየሁ የዚያን ቀን እህል በአፌ አይዞርም።

የስድስት ዓመቷ ልጄ ባሂራ አስም አለባት። ሲነሳባት ደረቷ ሲር... ሲር... ይላል። ከንፈሯ ይጠቁራል። ልጁ ትንፋሽ ሲያጥራት ያየ ወላጅ ያውቀዋል፤ በቁም መሞት ነው።

አሁን ያለንበትን ቤት የተከራየነው ከነሶፋው ነው። አከራያችን እትዬ ዓለምዘውድ እዚያው ግቢ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ከእሳቸው ጋር አንዲት ግራጫ ድመት ነበረች። ድመቷና ባሂራ ገና በመጀመሪያው ቀን ተዋደዱ። ሶፋው ላይ አብረው ተጠቅልለው ይተኛሉ።

ድመቷ ሁልጊዜ አፍንጫዋን የልጄ አፍ ላይ ለጥፋ ነበር የምትተኛው።

ያስጠላኝ ነበር። ባለቤቴ ዑመይር ግን ይስቅብኛል።

"ድመት እኮ ነጃሳ አይደለችም፣ ሰልሚያ። ተያት።"

ከዚያ አስሙ ባሰባት። ክሊኒክ ስወስዳት ነርሱ ሱራፌል ቁርጡን ነገረኝ።

"ቤት ውስጥ ድመት ካለች ትውጣ። ፀጉሯም ከሶፋው፣ ከምንጣፉ፣ ከልብሱ ላይ ይነሳ። አለዚያ ይቺ ልጅ..."



እትዬ ዓለምዘውድ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ግን እሺ አሉ። ድመቷን በጆንያ አድርገው ቡኢ ላለችው እህታቸው በሚኒባስ ላኩላት። ባሂራ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

አላለቀሰችም። አፏን በሁለት እጇ ከድና ጆንያው ሲሄድ ዝም ብላ አየችው።

ከዚያ ጽዳቱን ተያያዝኩት።

የድመት ፀጉር ያስቸገራችሁ ካላችሁ ስሙኝ፣ መላውን ሁሉ አውቀዋለሁ። የላስቲክ ጓንት አርጥባችሁ ሶፋውን ወደ አንድ ወገን ብቻ ስትጠርጉት ፀጉሩ እየተድቦለቦለ ይመጣል። ልብስ ላይ ከሆነ ሰፊ ፕላስተር መዳፋችሁ ላይ ገልብጣችሁ ትጠቀልሉና ለጠፍ፣ ነቀል ማድረግ ነው። ከማጠባችሁ በፊት ደጅ አውጥታችሁ አራግፉት። በማለቅለቂያው ውሃ አቼቶ ጠብ ካደረጋችሁበት ይለቃል።

ለቀቀ። ቤቱ ተወለወለ። ጥቁር ሂጃቤን ለብሼ ብታዩኝ አንዲት ፀጉር የለበትም።

በማግስቱ ግን... ሶፋው ግራጫ ነው።

ድጋሚ አጸዳሁ። ጠዋት አጽድቼ ከሰዓት ስመለስ አለ። ደግሞ አጸዳሁ። ደግሞ አለ።

"ከስፖንጁ ውስጥ እየወጣ ይሆናል" አለኝ ዑመይር። እኔም እንደዚያ ብዬ ተጽናናሁ። የሶፋውን ልብስ ገፍፌ አጠብኩት፣ ስፖንጁን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ግን አንዳንድ ነገር ልክ አልመጣ አለኝ።

ሻንጣ ውስጥ የቆለፍኩት የባሂራ የዒድ ቀሚስ... ሲከፈት ደረቱ ላይ ፀጉር አለበት። ልክ ከአንገትጌው በታች።

ትራሷን ሳራግፍ ፀጉሩ አይበንም። ተጣብቋል። በጣቴ ስነካው እርጥብ ነው።

ደግሞ በየቀኑ እየረዘመ ነው።

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ እትዬ ዓለምዘውድ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሰልሚያዬ፣ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ... ያ ጆንያ እህቴ ጋ ሲደርስ ባዶ ነበር።"

"ቀድዳው ወጥታ ነዋ!"

"አልተቀደደም። አፉም እኔ እንዳሰርኩት ነው።"

"ታዲያ የት ገባች እትዬ?"

የሚያዩት በረንዳው ላይ የተቀመጠችውን ባሂራን ነበር።

አሁን ስለ ቃጫው ልንገራችሁ።

ቆጮ በልታችሁ ካደጋችሁ ታውቁታላችሁ። በደንብ ያልተከተፈ ቆጮ ውስጥ የእንሰቱ ቃጫ ይቀራል። ጥርስ መሀል ይገባል፣ ምላስ ላይ ይጠመጠማል። እኛ አገር ማንም አይደነግጥበትም፤ ስቦ አውጥቶ ጉርሻውን ይቀጥላል። ባሂራም ያን ሰሞን ሁልጊዜ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ የሆነ ነገር ትስባለች።

"ምንድን ነው እሱ?" እላታለሁ ጀርባዬን እንደሰጠኋት።

"ቃጫ።"

"አውጪና ጣይው።"

ይኸው ነው። ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም። ዓይኔ ሶፋው ላይ ነበር።

እና ያን ዕለት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ጓንቴን አጥልቄ እየፈተግኩ ነው። ባሂራ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ኡሚ..."

"ወዬ።"

"ቃጫ። እምቢ አለኝ።"

አፏን ከፈተችልኝ።

ጓንቴን አወለቅኩ። ከጉሮሮዋ ወጥቶ ምላሷ ላይ የተጋደመ ነገር አለ። ጫፉን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብኩት።

መጣ...

አሁንም መጣ...

ምራቅ እየተዝለገለገበት፣ እየሞቀ፣ በጣቴ ላይ እየተጠመጠመ መጣ። ለስላሳ ነው።

ቃጫ እኮ ለስላሳ አይደለም።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ቆጮ ካለቀብን ሰንብቷል። ከመስቃን የምትልክልን አማቴ ሃሊማ ታማ ስለነበር ገና አልላከችም። ሰሞኑን የበላነው እንጀራና ፓስታ ነው።

እጄን ወደ መስኮቱ ብርሃን አደረግኩ።

ግራጫ ነው።

በጥሼ ልጥለው ስል ባሂራ ከንፈሯን ሳትገጥም አንሾካሾከች።

"ኡሚ... አትሳቢው።"

"ለምን?"

"ያማታል።"

"ማንን ነው የሚያማት?"

ጣቷን ደረቷ ላይ አሳረፈች።

"ቀስ በይ... ተኝታለች።"

ፀጉሩ ከጣቶቼ መሀል መንሸራተት ጀመረ። ወላሂ አልለቀቅኩትም፤ አጥብቄ ይዤዋለሁ። ከውስጥ ነው የተሳበው። ጫፉ ምላሷን አልፎ ገባ።

ባሂራ አፏን ገጠመች። ዋጠች።

እኔ ፀጉሩን የማጠራቅምበት ሳፋ ላይ ተደፍቼ አስታወክሁ። ከሶፋው የለቀምኩት ፀጉር ትውከቴ ላይ ሲንሳፈፍ አይቼ ደግሜ አስታወክሁ።

በዚያው ባጃጅ ይዤ ክሊኒክ ገባሁ። ሱራፌል ደረቷን አዳመጠ። ፊቱ ፈካ።

"ደረቷ ንጹህ ነው እኮ! ያ ሲርታ ጠፍቷል። ምን አደረግሽላት?"

"አፏን... ጉሮሮዋን እይልኝ።"

በባትሪ አየ።

"ምንም የለም።"

ማዳመጫውን መልሶ ደረቷ ላይ አደረገ። ትንሽ ዝቅ አደረገው። አሁንም ዝቅ። ፈገግታው ጠፋ፤ ልጄን ቀና ብሎ አያት። ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለና ከጋዋኑ እጅጌ ላይ ግራጫ ፀጉር አራገፈ።

"ድመቷን እስካሁን አላስወጣችሁም?"

ማታ ዑመይር ልጁ ያለ ሲርታ ስትተነፍስ ሰምቶ አልሐምዱሊላህ እያለ አለቀሰ። እንዴት ብዬ ልንገረው?

አንድ ጊዜ ብቻ ሞከርኩ። እሱ ሱቅ እያለ፣ በወረንጦ። ጫፉን አግኝቼ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩ።

ሲር... ሲር... አለ ደረቷ። ከንፈሯ ጠቆረ። ዓይኗ ተገለበጠ። በትንፋሽ ማጣት እጄን ቧጠጠችኝ፤ ቁስሉ እስካሁን አለ።

ለቀቅኩት።

ወደ ውስጥ ገባ። ልጄም ተነፈሰች።

ምን ታደርጉ ነበር እናንተ ብትሆኑ? እኔ ጓንቱን ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ሶፋው አሁን ግራጫ ነው፣ ምንጣፉም፣ ሂጃቤም። እህል በአፌ አይዞርም። ልጄ ግን ትተነፍሳለች።

ይሄን የምጽፍላችሁ እሷ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው። ሶፋው ላይ፣ ፀሐይ የገባበት ቦታ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። አፏ ገርበብ ብሏል።

ከከንፈሯ ጥግ የሆነ ነገር ወጥቷል። ፀጉር አይደለም። ጣት ያህል ይወፍራል፤ ፀጉሩ ዙሪያውን ለብሶታል።

አሁን ዝንብ አረፈችበት።

ጫፉ ወደ ግራ ተወዛወዘና ዝንቧን አባረራት። ባሂራ አልነቃችም።