የጫንያለው ድንጋይ

«አየችው! አየችው!» ነመራ ስልኩን ከፍ አድርጎ ዘለለ። «ኬኔ፣ ነይ እንጂ፤ ሐሴት መልእክቱን ከፍታዋለች!»

ኬኔ አልተጠጋችም። የነመራ ወንድም የሞባይል ሱቅ በር ላይ ቆማ ባጃጆቹ ከመናኸሪያው በኩል ሽቅብ ሲግተለተሉ ታያለች። ከውስጥ ያሉት ሁለቱ ልጆች እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ።

«አሁን በደስታ ታለቅሳለች» አለ አንደኛው።

«ዲሲ፣ ተዋት፣ ዛሬ ትደሰት» አለ ነመራ ኦሮምኛውን ከአማርኛ እየቀላቀለ። «ነገ ክበቡ ፊት ሙድ እንይዝባታለን። ማልቀስ ያኔ ነው።»

ክበቡ የትምህርት ቤታቸው የሕዋ ክበብ ነው። ከክረምቱ ማግስት ጀምሮ በማርስ ላይ የምትጓዝ አንዲት ሮቨር ይከታተላሉ። ሮቨሯ ሰው የሌለባት፣ ባለ ጎማ መኪና ናት። ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ወደ ቆፈረው ሰፊ ጎድጓዳ፣ ክሬተር ወደሚሉት፣ ቀስ እያለች ትቀርባለች። ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ስለሌለው የክበቡ አባላት ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል በኋላ ወደዚህ ሱቅ መጥተው በዋይፋዩ አዳዲስ ፎቶዎች ያወርዳሉ። ከዚያ አሳትመው በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ነመራን ያስከፋ ልጅ ወደ ሱቁ አይገባም። ይህን የማያውቅ የለም።

ሐሴት ነመራን አስከፍታዋለች። እሷና እናቷ ወይዘሮ አዳነች ከጊዳ አያና ተፈናቅለው ነቀምቴ የመጡት አምና ነው። ታላቅ ወንድሟ ጫንያለው «ከብቶቹን ይዤ እደርስባችኋለሁ» ብሎ ወደ ኋላ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሐሴት በክበቡ ውስጥ ብዙም አትናገርም። አንድ ቀን ግን ነመራ አንድ ፎቶ እያሳየ «ይህ ተራራ ነው» ሲል ቀስ ብላ «ተራራ አይደለም፤ የክሬተሩ የወዲያኛው ጠርዝ ነው። ጥላውን እየው» አለች። መምህሩም «ልክ ናት!» አሉ። ክፍሉ በነመራ ሳቀ።

ሳይንቲስቶቹ ሮቨሯ ለምታገኛቸው ድንጋዮች ቅጽል ስም ያወጣሉ። ይህ እውነት ነው። ነመራ በሳይንቲስቶቹ ስም በከፈተው የሐሰት አካውንት ለሐሴት ጻፈላት፦ ለተማሪዎች ዕድል ተሰጥቷል፣ የምትወጂውን ሰው ስም ላኪ። የወንድሟን ስም ላከች። የቀረው ሥራ በፎቶ ማቀናበር ተስተካካይ ለሌላት ለኬኔ ተሰጠ። ኬኔ ከክሬተሩ ጠርዝ አጠገብ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ «ጫንያለው» ብላ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈች፤ ነጭ ቀስትም አከለችበት። ስትሠራው ያሰበችው ፊደሎቹ እንዳይጣመሙ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ሐሴት ከትምህርት ቤት ቀረች። ነመራ ግን ቪዲዮ ሊቀርጽ ስልኩን አዘጋጅቶ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። የክበቡ ኃላፊ መምህር በርናባስ ገቡ፤ እንደ ልማዳቸው ጠመኔ አላነሱም።

«ልጆች፣ ዛሬ ክበብ የለም። የሐሴት ወንድም ማረፉ ተሰምቷል። ነገ ጠዋት ለቅሶ እንደርሳለን።»

ኬኔ ከወንበሯ ተነሣች። «ቲቸር፣ ማን ነገራቸው?»

«እኔም በደንብ አልገባኝም። ከውጭ አገር በስልክ የመጣ ነገር አለ ይላሉ። በስሙ ድንጋይ ቆሞለታል። እናትየው ‹ድንጋይ የሚቆመው ለሞተ ነው› ብለው ለእድሩ አስነገሩ።» መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። «እስካሁን ሬሳ ሳላይ አላለቅስም ብለው ነበር።»

ነመራ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። ሲወጡ ኬኔን በር ላይ ደረሰባት።

«አንቺ ኬኔ፣ ስሚኝ። አካውንቱን አጥፍቼዋለሁ። በእኔ ስልክ ምንም የለም።»

«በእኔ ስልክ አለ።»

«ያ የራስሽ ጉዳይ ነው። የሠራሽው አንቺ ነሽ።» ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ በእውነት ሞቶ ይሆናል እኮ። ምን ጎዳናቸው? አለቀሱ፣ ወጣላቸው፣ አለቀ። ከተናገርሽ ግን ሱቁን እርሺው። ሮቨሯ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ወሬውን ከሰው ትሰሚያለሽ።»

ኬኔ ጠዋቱን አልጠበቀችም። ሐሴት የምትኖርበትን ግቢ ከገበያው በታች አገኘችው። የእድሩ ወንዶች ድንኳን ይተክላሉ። በሩ ላይ የጫንያለው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሊስቅ ሲል የተነሣ ይመስላል። ወይዘሮ አዳነች ራሳቸውን በጥቁር ሻሽ ጠቅልለው ከሴቶች መካከል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አዴ አዳነች፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አንቺ ነሽ ከልጄ ጋር ሰማዩን የምትማሪው? ነይ እናቴ፣ ነይ።» እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። «ለእነዚህ ሰዎች ንገሪልኝ። ድንጋዩ ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው።»

«ሰው ይረግጠዋል?»

«የለም... እዚያ ሰው የለም።»

«ከብትስ?»

«ከብትም የለም።»

«ጎርፍ አይወስደውም?»

«ዝናብ አይዘንብም አዴ።»

«አያችሁ!» ወይዘሮ አዳነች ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ፊታቸው በርቷል። «እኔ እኮ ሜዳ ላይ ቀረ፣ አውሬ በላው እያልኩ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ልጄ ማንም የማይረግጠው ቦታ አለው።»

«ተመስገን ነው» አሉ አንዲት ሴት።

ኬኔ የመለሰችው ሁሉ እውነት ነበር። ተነሥታ ወደ ጓሮ ዞረች። ሐሴት በአጥሩ ጥግ የእድሩን ብርጭቆዎች ታጥባለች።

«ሐሴት... ፎቶው ውሸት ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሐሴት እጇን ከውሃው አላወጣችም። «አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ያ ድንጋይ የባለፈው ወር ፎቶ ላይ ያለው ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ግን መጀመሪያ ያየሁት ስሙን ነው። ጮክ ብዬ ለእማዬ አነበብኩላት። ድንጋዩን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ጮኻለች፤ ጎረቤቱ ቤቱን ሞልቷል።»

«ለምን አልነገርሻትም?»

ሐሴት ቀና አለች። ዓይኖቿ ደርቀዋል። «በየሳምንቱ መናኸሪያ ሄዳ ከጊዳ አያና ለሚመጣ ሰው ሁሉ በሩ ላይ የተሰቀለውን የወንድሜን ፎቶ ታሳይ ነበር። ‹ይህን ልጅ አይታችሁታል?› እያለች። ዛሬ አልሄደችም። ፎቶውን ለእድሩ ሰጠቻቸው። ነገ ከተለቀሰለት በኋላ ማን ይፈልገዋል? ቢመጣስ? የተለቀሰለት ሰው በየት በር ይገባል?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ይቅርታሽን ምን ላድርገው? አሁን እሷን የሚያስቆም ሰው ነው የምፈልገው።» ብርጭቆውን አጥባ ደፋችው። «ትናንት ማታ ራት በላች፤ ተኛችም። ስትተኛ እያየኋት ልንገራት አልኩ፤ ከአፌ አልወጣም። እኔ ልጇ ነኝ። አንቺ ግን አይደለሽም። ነግረሻት ቤትሽ ትሄጃለሽ። እኔ ከእሷ ጋር አድራለሁ።»

ሐሴት ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች። ቀጣዩን ብርጭቆ አነሣች።

ኬኔ የግቢውን በር አየችው፤ ክፍት ነው፤ ወጥታ ብትሄድ ማንም አይጠራትም። ነመራ እንዳለውም ይለቀስና ያልቃል። ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ወይዘሮ አዳነች ሲያዩዋት ምንጣፉን መታ መታ አደረጉ።

«ምነው ተመለስሽ ልጄ? ያልነገርሽኝ አለ?»

«አለ» አለች ኬኔ። «ለብቻዎ ልንገርዎት?»

«የምን ለብቻ! እነሱም ይስሙት እንጂ።»

አንዲት ሴት ቦታ ልትለቅላት ጠጋ አለች። ኬኔ አልተቀመጠችም። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ስም ያልተጻፈበትን ፎቶ ፈልጋ ከፈተችና ለወይዘሮ አዳነች ዘረጋችላቸው። «ድንጋዩ ይኸው፤ ስም የለበትም፤ የጻፍኩበት እኔ ነኝ» አለች።