በክሊንጎን የሚከራከረው እጮኛ

ልብስ ሰፊዋ የእጮኛዋን ኮት ኪስ የፈተሸችው ነገር ፈልጋ አልነበረም፤ የተተረተረ ገበሩን ልትሰፋለት ነው። ሳይፈልጉ ያገኙት ነገር ግን ይበልጥ ያቃጥላል። እጇ ላይ አንድ ካርድ ወጣ። በፊቱ የማይነበብ የባዕድ ቃል፣ በጀርባው ደግሞ በሴት እጅ ጽሕፈት፣ ጥርት ባለ አማርኛ፦ «ድሮ አይቼህ ነበር። አንድ ቀን የእኔ ትሆናለህ።»

መርፌው ጣቷን ወጋት። ልብም አላለችው።

እጮኛዋ መነጽር ሠሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ክፍል፣ ከመሰሎቹ ጋር ክሊንጎን የሚባል ለፊልም የተፈጠረ ቋንቋ ይማራል። መጠጥ ቤት ከሚውል ይሻላል ብላ ችላው ነበር። ሰሞኑን ግን ወሬው ሁሉ አብራው ስለምትማር አንዲት ፋርማሲስት ሆኗል። «ዛሬም አላሳመንኳትም!» ይላል፣ ዓይኑ እየበራ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና ኮቱን በክንዷ አንጠልጥላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ሁለቱ ብቻቸውን ተፋጠዋል። እሱ ጠረጴዛውን ይመታል፤ ፋርማሲስቷ ጣቷን እያወዛወዘችበት ትስቃለች። አንድም ቃል አልገባትም፤ ቅናቷ ግን ሁሉንም እንዳሻው ተረጎመላት።

«እንዴት ዋላችሁ?» አለች።

«እህቴ፣ እዚህ ክፍል አማርኛ የተናገረ ብርጭቆ ያጥባል» አለች ፋርማሲስቷ።

«አጥባለሁ። መጀመሪያ ይሄን አስረዱኝ።» ካርዱን ወረወረችው።

«ውይ በሞትኩት! ምሳሌ እኮ ነው» አለች ፋርማሲስቷ። «በክሊንጎን ግሡ ያለፈና የሚመጣ አይለይም። ‹ትናንት›፣ ‹ከሦስት ቀን በኋላ› እያልሽ ትጨምሪበታለሽ። ቀኑ በውል ካልታወቀስ? እኔ ‹ጥቂት ቀናት› ብለን እንለፈው እላለሁ፤ እሱ ቁጥር ካልተጠራ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እያንዳንዳችን ምሳሌ በካርድ ጽፈን እንለዋወጣለን፤ ያ ‹ድሮ› እና ‹አንድ ቀን› ያልኩት ቁጥር የሌለው ጊዜ ላሳየው ብዬ ነው። ይኸው ሦስት ወራችን!»

ልብስ ሰፊዋ አመነቻት። ደስ ግን አላላትም። ያንገበገባት ያ የበራ ፊቱ ነበር።

«ከእሷ ጋር ሦስት ወር ትከራከራለህ» አለችው። «ለእኔ ግን ሁሌ እሺ ነው። ይሄን ቤት እንከራይ? እሺ። እናትህ ጋ አንሂድ? እሺ። ብኖርም ባልኖርም ግድ የለህም።»

«እሺ፣ ይቅርታ…»

«ይኸው!»

ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው ይብቃን።»

አሁንም እሺ ካለ አለቀ፤ ኮቱን ጥላለት ትሄዳለች። ፋርማሲስቷ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ሹልክ ብላ ወጣች።

መነጽር ሠሪው ቀለበቱን አየ፤ እሷን አየ።

«አይሆንም!» ድምፁ ክፍሉን ሞላው። «አይሆንም አልኩ! እሺ የምልሽ እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው። እሷ ብትቀር ክርክር ነው የሚቀርብኝ፤ አንቺ ብትቀሪ ግን ምን ይቀረኛል? ደግሞ እናቴ ጋ አለመሄዳችን ልክ አልነበረም! ቤቱንም አልወደድኩትም፤ ጨለማ ነው!»

«ጨለማ? ያን የሚያክል መስኮት እያለው?»

«መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው!»

ከልቧ ተናደደችበት። እንዲህ ወዳውም አታውቅም። ቀለበቱን አንስታ እያጠለቀች «ተነስ፣ ሄደን እንየው» አለችው።

መንገዱን ሙሉ እየተጨቃጨቁ ሄዱ፤ እጇን ግን አልለቀቀም።