ወደ ናስራ የዞሩት ጠርሙሶች

ያላየ ሰው ባያምነኝ አልፈርድበትም። እኔም ሌላ ሰው ቢያወራኝ አላምንም ነበር።

ግን ቆሜ አይቻለሁ። በእነዚህ ሁለት እጆቼም ይዤዋለሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ 2003፣ የግንቦት ሙቀት ኻርቱምን ሲቀቅላት። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል። ጨለማ የለ፣ ሌሊት የለ... ጠራራ ፀሐይ።

የምንሠራው ሻምፖ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ስሙ ይቅር። እኔና ታላቅ እህቴ ናስራ በየማለዳው ከዴም ሰፈር በሃፍላ፣ በአውቶቡስ ማለት ነው፣ ተሳፍረን እንሄዳለን። እሷ ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ጠርሙሶቹን ካርቶን ውስጥ ትደረድራለች። እኔ ከማዞሪያው ማሽን አጠገብ እቆማለሁ።

ማዞሪያው እንዲህ ነው። ጠርሙሱ ክብ ነው፤ በአንድ ጎኑ ብቻ የምትስቅ ሴት ተስላበታለች። ሁለት ቀበቶዎች ግራና ቀኝ ይይዙታል። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ እየሄደ ይሽከረከራል። ከሥሩ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት አለው። የማሽኑ ጥፍር ያንን ምልክት ሲይዘው መዞሩን ያቆማል። ሴትየዋም ወደ ፊት እያየች ታልፋለች።

ማሽኑ የሳተውን እኔ በእጄ አቀናለሁ። ዓይነ አፋር ነኝ፤ ሥራው ማውራት ስለማይጠይቅ ወድጄው ነበር።

ሴትየዋን «ኻልቶ» እንላታለን፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

«ተውፊቅ! ኻልቶ ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ ምን ብለህ አጣላኸን?» ትለኛለች ካርቶን የምታሽገው ምንዳዬ። ሁሉም ይስቃል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

በዚያው ሳምንት ሰኞ ግን...

ጠርሙሶቹ ወደ ግራ ዞረው መጡ።

አንድ ሁለቱ ቢሆኑ ልማድ ነው። ሁሉም!

በግራ በኩል መካኒካችን ኢሳ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፉል ይበላል። እናቱ የአገራችን ሰው ናት፤ እሱ ግን እዚሁ ኻርቱም ነው ያደገው። በልቶ ሲጨርስ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ተሻገረ።

ጠርሙሶቹ ወደ ቀኝ ዞረው መጡ።

አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት።

ኢሳ አየኝና በዚያ ስብርብር አማርኛው ቀለደብኝ። «ያ ተውፊቅ! ዛሬ ምላስ ቤት ረሳ?»

ይስቁብኛል ብዬ ዝም አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢሳ ከውሃው በርሜል አጠገብ ቁጭ አለ። ከዚያ አልተነሣም።

ፀሐይ መትቶ ገደለው አሉ። የተቀመጠው ጥላ ሥር ነበር።

ማክሰኞ ኻልቶ ወደ ፊት እያየች አለፈች። ረቡዕም እንደዚያው። የማሽኑ ጥፋት ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሐሙስ ሰባት ተኩል ላይ ከህረባው፣ መብራቱ፣ ጠፋ። ማሽኑ ቆመ።

«የላ፣ በሉ፣ ዕረፍት!» አለች ምንዳዬ፣ በካርቶን ክዳን ፊቷን እያራገበች።

ጸጥ ሲል ነው የሰማሁት።

ክርር...

ፕላስቲክ ብረት ላይ ሲፋቅ።

ቀበቶዎቹ ቆመዋል። የነካቸውም ሰው የለም። ጠርሙሶቹ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በዝግታ፣ አንድ ላይ ይዞሩ ነበር።

ናስራ ውሃ ልትጠጣ ወደ በርሜሉ እየሄደች ነው።

ጫማዋን ልታስተካክል ቆመች። ድምፁም ቆመ።

ተራመደች። ክርር...

ያ ሁሉ ኻልቶ እየሳቀ ናስራን ያያል።

ከማሽኑ አጠገብ ጮህኩ። «ናስራ! ቁሚ!»

«ሰማችሁ? ተውፊቅ ጮኸ! ዛሬስ ኻርቱም ይዘንባል!» አለች ምንዳዬ።

ናስራ ወደ እኔ መጣች። «ምን ሆንክብኝ፣ ወንድሜ?»

«ቀስ በይ...» አልኳት በሹክሹክታ። «አንቺን እያዩ ነው።»

«እነማን?»

«ኢሳንም አይተውት ነበር። እኔ... አልተናገርኩም።»

ናስራ መስመሩን አየች። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደች።

ክርር...

ፊቷ አመድ መሰለ። «ቢስሚላህ... ወደ ግድግዳው አዙራቸው!»

እጄ የሚያውቀው ይህንኑ ሥራ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ይዤ ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ስለቅቀው ተመለሰ። ወደ እሷ።

ደግሜ ያዝኩት። እንደ ሰው አንገት ግትር አለብኝ። በሁለት እጄ ጠመዘዝኩና ወደ ራሴ አዞርኩት።

ለቀቅኩት...

አልተመለሰም።

ሁለተኛውን ወደ እኔ። ሦስተኛውን ወደ እኔ። ከዚያ ሁሉንም።

የመጨረሻው ናስራ እጅ ውስጥ ነበር። ካርቶን ውስጥ ልትከተው ይዛ ረስታዋለች። የኻልቶ ፊት ደረቷ ላይ ተለጥፏል።

«ስጪኝ።»

«አልሰጥህም! እማዬን ምን ልላት ነው?»

ነጠቅኳት።

ከህረባው መጣ። ቀበቶዎቹ ተንቀሳቀሱ፤ ጠርሙሶቹም አንድ በአንድ እኔን እያዩ አለፉ። ያን የመጨረሻውን ልብሴ ሥር ደብቄ ከእህቴ ጋር ወጣሁ። ዳግም አልተመለስንም።

ስድስት ዓመት ሆነው። አልሞትኩም፤ ለምን እንደተወኝ አላውቅም። ናስራ አግብታ ካላክላ ትኖራለች፤ ሴት ልጅ ወልዳለች። እኔ ያው ዴም፣ ያው ክፍል ውስጥ ነኝ። ጠርሙሱ መስኮቴ ላይ ተቀምጧል።

እንዴት እጥለዋለሁ? እኔን እስካየ ድረስ እሷን አያይም።

ስነሣ ክርር ይላል። ስተኛ ክርር ይላል። ድምፁን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዛሬ ጁምዓ ነው። ይህን ቁጭ ብዬ እየጻፍኩላችሁ ሳለ፣ ቅድም...

ክርር።

እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

ቀና ስል ኻልቶ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። በሩን ታያለች።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

«ተውፊቅ! ክፈትልን እንጂ!» አለች ናስራ ከውጭ። «ልጅቷን ይዣታለሁ፤ ፀሐዩ ሊገድለን ነው!»

እስካሁን አልከፈትኩም። አንድ እጄ ጠርሙሱ ላይ ነው።

አይዞርም።