የሃምሳ አለቃው መቀስ

ይህ ተረት አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያቃተው ይተወው፤ አልለምንም።

ቦታው ናዝሬት፣ ዘመኑ 1970 ዓ.ም.፣ ወሩ የካቲት። ሰዓቱ ደግሞ ቀን ነው... ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። አስፈሪ ነገር በሌሊት ብቻ ይመጣል የሚል ሰው በዚያ ዘመን ናዝሬት አልኖረም።

ትምህርት ቤታችን ፖሊስ ተመደበበት።

ፖሊስ ትምህርት ቤት ምን ይሠራል? ጠመኔ ሊይዝ ነው? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሃምሳ አለቃ ዘገዬ ይባላል። በሩ አጠገብ ያለችውን የስፖርት ዕቃ ክፍል ሰጡት። ኳሶቹን አስወጥቶ አንድ ወንበር አስገባ። በየጠዋቱ መቀስ ይዞ በር ላይ ይቆማል። አፍሮ ያበጠረ ተማሪ ሲያይ በጣቱ ይጠራል።

«ጸጉራችሁ ውስጥ ወረቀት ትደብቃላችሁ» ይላል።

ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ይሸልተዋል... እንደ በግ። ያ ልጅ በሳምንቱ ከክፍል ይጠራል። መምህራኑ ዓይናቸውን ሰሌዳው ላይ ይተክላሉ። ተጠርቶ የተመለሰ ልጅ የለም።

እህቴ ተሻለች አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ እኔ ዘጠነኛ። ጠዋት ጠዋት ሎሚ ሎሚ የሚሸት ቅባት ተቀብታ በእንጨት ሚዶ አፍሮዋን ታበጥራለች። ከዚያ ከኋላዬ ቆማ እኔን ታበጥረኛለች። ሚዶው ቋጠሮ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ እሷም ትስቃለች።

«ሙሉዬ፣ ያንቺ ጸጉር የወንጂ አገዳ ነው፤ ያለ ቆንጨራ አይገባበትም።»

እሷንም ሸለታት። በሳምንቱ ከክፍል ተጠራች።

እማዬ ጣቢያ ስንቅ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አሏት። በቃ። ሬሳ የለም። ቀበሌው ደግሞ ማልቀስ ክልክል ነው አለ። እናት በገዛ ቤቷ፣ ለገዛ ልጇ... ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ጸጉሯ እዚያ ክፍል ነው የቀረው። እሱን አምጪልኝ። የምቀብረው ነገር ይኑረኝ።»

የሚገርመው፣ ከእህቴ በኋላ ሃምሳ አለቃው ማንንም አልጠራም። ጠዋት ይገባል፣ በሩን ከውስጥ ይዘጋል... የመቀሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። የማንን ጸጉር እንደሚቆርጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ እስኪወጣ ጠበቅሁት። ቁልፉ ዘበኛችን ጋሽ ጃራ ዘንድ ነበር። የደራ ኦሮሞ ናቸው፤ ያለ ወትሯቸው በሹክሹክታ አናገሩኝ።

«ኢንተላ ኮ... ልጄ፣ አትግቢ።»

«ጸጉሯን ብቻ ነው የምወስደው።»

«ሁሌ ጠርጌ አቃጥላለሁ። በነጋታው ስከፍት... ወለሉ ሙሉ ነው።»

«የማን ጸጉር?»

ቁልፉን አዞሩ።

ክፍሉ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

ወለሉ ላይ ጥቁር ጸጉር ተከምሯል። ተንበርክኬ በነጠላዬ ጫፍ መሰብሰብ ጀመርኩ። ጸጉሩ ለብ ይላል... አሁን ከራስ ላይ የወረደ ይመስላል።

ድንገት ብርሃኑ ተጋረደ።

ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ቆሟል። ፈራሁ ልበል? ውሸት ነው። ተናድጄ ነበር።

«እህቴን የት አደረስካት?» አልኩት። እርስዎ ማለት ለእሱ አይገባውም።

እሱ ግን እኔን አላየኝም። የሚያየው ወንበሩን ነው። ባዶውን ወንበር።

«ጠዋት ጠዋት ትመጣለች» አለ። «እቆርጣታለሁ... ይበቅላል። እቆርጣታለሁ... ይበቅላል።»

ነጠላዬን አቅፌ በአጠገቡ ሾልኬ ወጣሁ። ውጭ ጋሽ ጃራ ክንዴን ያዙኝ።

«አትውሰጂው። እሷ እዚህ ስላለች ነው እናንተን የማይጠራው።»

ሰማኋቸው። ግን እማዬ እየጠበቀችኝ ነው። እናት ልጇን አትቅበር የሚል ሕግ ከመንግሥትም ሆነ ከመንፈስ አልቀበልም ብዬ ሄድኩ።

እማዬ ጸጉሩን በተሻለች ሻሽ ጠቀለለችው። ሚዶዋንም ጨመረችበት። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ያለ ቄስ፣ ያለ ለቅሶ፣ ያን አመድማ የናዝሬት አፈር በእጃችን ቆፍረን ቀበርናት።

«አሁን ትረፍ» አለች እማዬ።

በማግስቱ ጠዋት የክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሃምሳ አለቃ ዘገዬ በር ላይ ቆሟል። ጢሙን ተላጭቷል፣ ልብሱን ተኩሷል። ጥሩ እንቅልፍ የተኛ ሰው ይመስላል። መቀሱን ይዟል።

ሰልፉን አየ... አየ... ጣቱን ቀሰረ።

«አንቺ። ነይ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊቴ ቆመ፤ ጥርሴን ነክሼ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ትናንት ያናገርኩት እኔ መሆኔን አላወቀም። የተሻለችን ፊት እኔ ላይ እያየ አላወቀም። ከሁሉም ያቃጠለኝ ይህ ነው።

ቀጭ።

አንድ ጭብጥ ጸጉር ጭኔ ላይ ወደቀ።

ሎሚ ሸተተኝ። ጸጉሩ አመድማ አፈር ይዟል።

እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ። የእኔ ጸጉር አልተነካም።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ጸጉሩ ይወድቃል፣ አፈሩ አብሮት ይረግፋል። የእኔ ግን እንዳለ ነው። ሃምሳ አለቃው ቀና አለ። አሁን ከትከሻዬ በላይ ነው የሚያየው። ከኋላዬ ያለው ግን ባዶ ግድግዳ ነው።

መቀሱ ከእጁ ወደቀ።

ዞሬ አላየሁም።

የእንጨት ሚዶ ከማጅራቴ በላይ... ቀስ ብሎ... ጸጉሬ ውስጥ ገባ። ቋጠሮው ጋ ሲደርስ ቆመ።

ከኋላዬም አንድ ሰው ሳቀ።